ምራቴን የጠየቁኝ ዕለት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ይርጋነሽ ክፉ ሰው አይደለሁም። ክፉው አፌ ነው። ብቸና ውስጥ የእኔን ባልትና የማያውቅ የለም፤ ሽሮዬን ያማረረ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፣ አፌን የሚያማርር ግን ሞልቷል። ያማርር። ዝም ብዬ ብኖር ኖሮ ሰው በጀርባዬ ላይ ቤት ይሠራ ነበር።

አንድ ልጄ የኔሰው ካረፈ አምስት ዓመት አለፈው። ኩላሊቱ ነው የጣለው። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም፣ የዛሬው ወሬዬ ደግሞ የለቅሶ ወሬ አይደለም። የዛሬው ስለ ሚስቱ፣ ስለ ምራቴ ስለ ብሩክታይት ነው።

ብሩክታይት የሞጣ ልጅ ናት፤ የመሪጌታ አካለ ወልድ ልጅ። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት አባቷ ናቸው ያሳደጓት። የኔሰው ሞቶ አርባው እንደወጣ መሪጌታ ሊወስዷት ብቸና ድረስ መጡ። ደንቡ ነው፤ ባል ከሞተ፣ ልጅም ካልተወለደ፣ ሴት ልጅ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። እኔም ልብሷን አጣጥፌ አዘጋጀሁላት። እሷ ግን የአባቷን ጉልበት ስማ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ምነው ልጄ፣ መንገድ ይመሽብናል» ቢሏት፣ «በርበሬው ፀሐይ ላይ ነው አባዬ፤ ዛሬ ካልተገላበጠ ይበላሻል» አለች። መሪጌታ በማግስቱም ጠየቋት፤ በማግስቱም በርበሬው አልደረቀም። ብቻቸውን ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ የብቸና ሰው «ሩት» ይላታል። እኔም አልጠላሁትም። ሩት ለአማቷ ለኑኃሚን «ወደምትሄጂበት እሄዳለሁ» ያለችውን ቃል ባልትና ቤታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም አስጽፌዋለሁ፤ ከዋጋ ዝርዝሩ በላይ ነው ያለው። ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳያነበው አይወጣም። ካላነበበውም እኔ አነብለታለሁ።

ታዲያ አምና በጥር፣ የማርያም ማኅበራችን ተራ የእኔ ነበር። የነፍስ አባቴ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ጸሎቱን አድርሰው ጠላውን ቀመስ አደረጉና፣ «እስቲ ዛሬ በመጽሐፍ ቅዱስ ስላሉ እናቶች እንጫወት» አሉ። እኛ ሴቶቹ ስለ እናት ተብለን ዝም እንል ይመስል።

አብሮ አደጌ ጥሩአየሁ ቀደመች። «እኔስ የርብቃ ነገር አይዋጥልኝም አባቴ። ሁለቱን በአንድ ሆድ ተሸክማ ለአንዱ ታዳላለች? ያውም ባሏን አታልላ?»

«አንቺስ ለትንሹ ልጅሽ ወተቱን፣ ለትልቁ አሬራውን አይደል የምትሰጪው» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሷም ሳቀች፤ እውነት ስለሆነ ምን ታደርጋለች።

ደግሞ ስለ ሐና ተነሣ። ሐና ስንት ዓመት አልቅሳ ያገኘችውን ሳሙኤልን ጡት እንዳስጣለችው ወስዳ ለቤተ መቅደስ ሰጠችው። ከመካከላችን አንዷ፣ «እኔ ብሆን ሁለት ሙክት አስገብቼ ይቅርታ እጠይቅ ነበር እንጂ ልጄን አልሰጥም» አለች። ቄሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «ሐና የምትወደሰው ስለወለደች ብቻ አይደለም። መውለድማ ጣውንቷ ፍናናም ወልዳለች። ሐና ሰጠች» አሉ።

እኔ ዝም ማለት አልችልበትም። «ሐና ሰጥታ ሌሎች ወለደች አባቴ። ኑኃሚንስ ምን ቀርቷት ትሰጣለች? ባሏ ሞተ፣ ልጆቿ ሞቱ፣ የቀረቻት ሩት ብቻ። እሷን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ደግ አደረገች» አልኩ።

«ያዘቻት?» አሉ ቄሱ።

«ያዘቻት እንጂ።»

ቄሱ ዋንጫቸውን አየት አድርገው «እንግዲህ ይሁን» አሉ። እኔ የረታኋቸው መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ለካ የመጡት የእኔን ልብ ሊለኩ ኖሯል።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ከደጃፌ ደረሱ። አንዱ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ። ሁለተኛው ሐጂ ሐምዱ፣ የሞጣው ነጋዴ፣ በርበሬና ሽሯችንን ከዓመት እስከ ዓመት የሚረከቡን። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ እሳቸው ከመጡ እስኪሄዱ ጉሮሯቸውን ከመጥረግ በቀር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሐጂን ሳይ የንግድ ነገር መሰለኝ።

«ግቡ እንጂ፣ አረፍ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ይኼን ቃል የማያውቅ ጎጃሜ የለም። «ምን ጉዳይ ነው?»

«ልጅ ልንጠይቅዎት መጣን።»

«እኔ ልጅ የለኝም» አልኩ።

«ልጅ አለዎት» አሉ ሐጂ ሐምዱ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት።

ለማን እንደሆነ ስሰማ ደሜ ፈላ። ለወልደ ኪዳን፣ ለሚኒባስ ሹፌሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከብቸና ሞጣ የሚሠራው፣ የእኛን በርበሬ በማዳበሪያ የሚጭነው ወልደ ኪዳን። ምሳ አብልቼው። በዚህ እጄ አጉርሼው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ብቻውን መሆኑን ስሰማ «ምስኪን» ብዬ አዝኜለት። ለካ ምስኪኑ ዓይኑን ጥሎ ኖሯል የሚበላው።

ሽማግሌ ደግሞ አይባረርም። የነፍስ አባትህ ከፊት የቆሙበት ሽማግሌማ ጭራሽ አይባረርም። ስለዚህ ማር የመሰለ ድምፅ አወጣሁ። «አባቶቼ፣ አክብራችሁኛል። ግን የሴት ልጅ ባለቤት አባት ነው። መሪጌታ አካለ ወልድን ሞጣ ሄዳችሁ ጠይቁ። እሳቸው እሺ ካሉ እኔ ማን ነኝ?»

ተንኮሌን ልንገራችሁ። መሪጌታ ለእኔ ልጅ ሽማግሌ ስልክባቸው አራት ጊዜ አመላልሰዋቸዋል። ሰባት ቤት አስቆጥረዋል። አንዱ ሽማግሌ በዝናብ ደጅ ቆሞ የያዘው የጉልበት ሕመም እስከ ዛሬ አለቀቀውም። ፈትቶ የተቀመጠ ሹፌር ነው ሲባሉ የሚሉትን ሳስበው ያን ምሽት ሆዴ ሞልቶ፣ ሳቄ መጥቶ ተኛሁ።

በሳምንቱ እሑድ ተመለሱ። ፊታቸው ላይ የተባረረ ሰው መልክ የለም።

«መሪጌታ ምን አሉ?»

«አብልተው አጠጥተው ሸኙን» አሉ ሐጂ ሐምዱ። «እንዲህ ብላችሁ ንገሯት አሉ፤ ‹ልጄን አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ። በእጄ የሌለውን አልሰጥም። እናቷን ጠይቁ፤ እናቷ ብቸና ናት።›»

«ጊዜ ስጡኝ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከሄዱ በኋላ ብሩክታይትን ጠራኋት። ማዕድ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ ግድግዳችን ወሬ አያግድም። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ምን ልበላቸው?»

«እምቢ ይበሏቸው። እርስዎን ብቻዎን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

እውነቱን ልናገር፤ በደስታ ዘለልኩ። በሆዴ ነው የዘለልኩት፣ ፊቴንማ አስተካክዬ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አልኩ። ማታ ሽሮዬ ሁሉ ጣፈጠኝ።

ሐሙስ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ ረፋድ ላይ የወልደ ኪዳን ክላክስ ሲሰማ ብሩክታይት ከመቀመጫዋ ትነሣለች፣ እጇን በዘይት አሽታ በርበሬውን ታጥበዋለች፣ ንጹሕ ነጠላ ታጣፋለች፣ ወጥታ ዕቃውን ታስጭናለች። ይኼን ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ለንጽሕናዋ ነው ብዬ ነበር። ያን ሐሙስ ክላክሱ ተሰማ፣ አልተነሣችም። «እርስዎ ያስጭኑለት» አለችኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

አስጭኜ ስመለስ እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል።

«ምን ሆነሻል?»

«በርበሬው ነው እማማ።»

በርበሬው! መንገደኛ በደጃችን ሲያልፍ ያስነጥሰዋል፣ እሷ ግን አራት ዓመት ሙሉ ስትቀነጥሰው፣ ስታስፈጨው፣ ስትነፋው አንድ ቀን ዓይኗን አሽታ አታውቅም። መዋሸት እንኳ አትችልበትም።

ያኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቀውም። በሹፌሩ፣ በቄሱ፣ በራሴ። በየኔሰው ሳይቀር ተናደድኩ፣ ስለሞተ። ይኼ ሁሉ ጣጣ የእሱ ነበር፤ ጥሎብኝ ሄደ። ደግሞ ከሁሉ በላይ በመሪጌታ ተናደድኩ። አባት ሆኖ ሸክሙን በእኔ ጫንቃ ላይ የሚጥል ምን ዓይነት ሊቅ ነው? ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ወልደ ኪዳን ገና ዕቃውን ጣራ ላይ ያስር ነበር። ጋቢና የተቀመጠውን ሰውዬ፣ «ወደ ኋላ እለፍልኝ የኔ ጌታ፣ ወገቤን ያመኛል» አልኩት። ወገቤን አላመመኝም።

ከብቸና ሞጣ መንገዱ ረጅም ነው፤ ለጠያቂ ይመቻል። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ጀመርኩት።

«ትጠጣለህ?»

«ጠላ፣ በበዓል» አለ ወልደ ኪዳን። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

«ትማታለህ?»

«ማንን?»

«ሰውን ነዋ።»

«ኧረ እኔ እማማ፣ ሰው ተቆጥቼም አላውቅ።»

ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ አንገቷን በመሐላችን አስገባች። «እውነቱን ነው እናቴ። ባለፈው ፍየሌ ወንበሩ ላይ ሸናችበት፣ ‹አይዞሽ› አለ። እኔን ይሁን ፍየሏን እንጃ።» መኪናው በሳቅ አውካካ፤ ወልደ ኪዳን ጆሮው ቀላ። እኔም ልስቅ ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ሚስትህ ለምን ጥላህ ሄደች?»

«አዲስ አበባ እንኑር አለችኝ፤ እኔ እናቴን የማስታምምበት ጊዜ ነበር። መጠበቅ አልቻለችም። አልፈርድባትም። እናቴም ቆይታ ዐረፈች።»

ይኼን ስሰማ ያለኝን የመጨረሻ ጦር አወጣሁ። «እኔ ልጅ ነበረኝ፤ የኔሰው የሚባል። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ። ማርሽ ቀነሰ። «ብሩክታይት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ቢሆንልንና ብንጋባ ፎቶውን ይዤ ልምጣ ወይ አለችኝ። ሳሎን እንሰቅለዋለን አልኳት።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እስከ ግንደወይን ድረስ ማሳውን ሳይ ሄድኩ፤ ምን እንደተዘራበት ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

መሪጌታን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ በቤታቸው አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ አፌን ከፈትኩ። «መሪጌታ፣ እርስዎ አባት ነዎት ወይስ አይደሉም? የልጅዎትን ነገር እኔ ላይ መጣል በየትኛው ሥርዓት ነው? እርስዎ እምቢ ቢሉ ነገሩ ያበቃ ነበር።»

«እኔ እምቢ እንድል ነው የላኳቸው?»

«አዎ» አልኩ። ምን ልደብቅ?

መሪጌታ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ጥርሳቸው ሙሉ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። «ይቀመጡ እስቲ። ይርጋነሽ፣ ኑኃሚን ሩትን ለቦዔዝ ስትድር፣ ሞዓብ ሄዳ የሩትን አባት ጠይቃለች?»

«አልጠየቀችም።»

«ታጠቢ፣ ተቀቢ፣ ልብስሽን ለውጪ፣ ወደ ዐውድማው ውረጂ ያለቻት ማን ናት?»

«ኑኃሚን።»

«ደህና ቦታ አግኝተሽ እንድታርፊ አልፈልግልሽምን ያለቻትስ?»

«ኑኃሚን።»

«አባቷን ያልጠየቀችው ለምን ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ካፌ ማውጣቱ ግን ጨነቀኝ። «እናቷ ስለሆነች» አልኩ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ምን ይፈልጋሉ ከእኔ?» አሉ። «እኔ ልወስዳት መጥቼ ወደ እርስዎ ጓሮ የገባች ጊዜ ዓመት ሙሉ አኩርፌያለሁ። ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ፊደል አስቆጥሬ፣ እርስዎን መረጠች። ልቤ ተሰብሮ ነበር። ግን እናት ሳታገኝ ያደገች ልጅ እናት አገኘች፤ ይኼን እንዴት እጠላለሁ? አሁን ደግሞ እናትነትዎን ለእኔ መልሰው ሊያሸክሙኝ አይችሉም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይከብደኛል።»

«ብቻዬን እቀራለሁ መሪጌታ» አልኩ። አለቀስኩም። በሰው ፊት አላለቅስም ነበር፤ የልጄ ቀብር ላይ እንኳ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው ያለቀስኩት።

አላባበሉኝም። «እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ይኸው አለሁ። ሽሮ ይላኩልኝ እንጂ፣ የሞጣው አሸዋ አለው» አሉ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሞጣ አደርኩ፤ በማግስቱ ወደ ብቸና ተመለስኩ።

ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ሲመጡ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ «ተቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ» አልኳቸው። ቄሱ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው መሰለኝ፣ ትንሽ ቅር አላቸው። ሐጂ ሐምዱ ግን «አልሐምዱሊላህ» ብለው ቀድመው ተቀመጡ። ያ አስተማሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ቃል አለኝ» አልኩ። «ካስለቀሳት በርበሬ ይዤ ሞጣ እመጣለሁ። በዓይኑ ነው የምጨምርለት።»

«እንነግረዋለን» አሉ ቄሱ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው።

ለብሩክታይት ስነግራት «እርስዎስ?» አለችኝ። «እኔ ምን እሆናለሁ? አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ሰው አልነበርኩም?» ብዬ ተቆጣኋት። ካልተቆጣሁ አልሆንልሽ አለኝ። አንገቴን አቅፋ ይዛኝ ቆየች።

ፋሲካ አልፎ ተዳረች። ጉልበቴን ስትስም «ውለጂ፣ ክበጂ» ብዬ ጀመርኩ፣ የቀረውን ጥሩአየሁ ጨረሰችልኝ። ሚኒባሱ ወደ ሞጣ ሲነሣ የሸኘው ሰው ሁሉ እልል አለ፤ እኔም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስውበውም፤ ከባድ ነበር። ለሁለት ሰው ወጥ እየሠራሁ ግማሹን ለጎረቤት ስሰጥ ከረምኩ። ቤት ውስጥ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ድመቷን ተቆጣሁ፤ ድመቷም ጥላኝ ወደ ጥሩአየሁ ቤት ሄደች። ሐሙስ ሐሙስ ወልደ ኪዳን ሲመጣ ስለ እሷ አንድ በአንድ እጠይቀዋለሁ። እሱም ይነግረኛል፤ ፎቶው ሳሎን እንደተሰቀለ ነገረኝ፣ አንድ ቀን ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ማርገዟን ነገረኝ። ደስታዬን ለማን እንደምናገር ጨንቆኝ በሩን ክፍት ጥዬ ወደ ጥሩአየሁ ሮጥኩ።

ለመውለዷ ጊዜ ሞጣ ወርጄ ልጠይቃት ገንፎ ዱቄት አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ክላክሱ ተሰማ፤ ብወጣ ብሩክታይት ሆዷ ቀድሟት ከጋቢና ትወርዳለች። ወልደ ኪዳን ከኋላዋ ፍራሽ ተሸክሟል።

«ምን ሆናችሁ? ታመምሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማማ።»

«ታዲያ በዚህ ሆድሽ እንዲህ ባለ መንገድ ትመጫለሽ? ሞጣ አባትሽ አሉ፣ አክስቶችሽ አሉ፣ ሆስፒታል አለ።»

«የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው» አለችና አልፋኝ ገባች። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ግን እዚያው ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ወልደ ኪዳን ፍራሹን ይዞ በየት በኩል ይለፍ።

ሴት ልጅ ወለደች። ከሆስፒታል እንደተመለስን የማኅበሩ ሴቶች ገንፎውን ሊበሉ ግር ብለው ገቡ። ጥሩአየሁ ከፊት ናት። አልጋው ወደ ቀኝ ነው፤ ብሩክታይት ልጇን ታቅፋ ተኝታለች። ጥሩአየሁ ወደዚያ አልዞረችም። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጥታ፣ ገንፎ ያማሰለውን እጄን ይዛ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝና «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ይርጋነሽ» አለችኝ።

የወለደችውስ ያቻት፣ ተሳስተሻል ልላት አፌን ከፈትኩ። ብሩክታይት ከአልጋዋ ሆና እያየችኝ ፈገግ ትላለች። አፌን መልሼ ዘጋሁት፤ አራስ የምትመልሰውን መለስኩላት።

«አሜን፤ ለአንቺም ታድርግልሽ» አልኳት፣ የልጅ ልጅ ያየችውን ጥሩአየሁን።